በሰዓት የሚከፈል ድጋፍ፣ በዓመታት የሚበስል ሥራ፦ ኦቲዝም ያላቸው ሠዓሊዎችና የሴንት አልባንስ ቤተሰቦች

በዲሴምበር 2025 የብሪታንያ ስመ ጥሩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሽልማት፣ ተርነር፣ ለኔና ካሉ ተሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከናይጄሪያውያን ወላጆች በ1966 ግላስጎው የተወለዱት ኔና ካሉ ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት አላቸው፤ በንግግር የሚገልጹት ጥቂት ነው። ጨርቅ፣ ቴፕና የቪዲዮ ካሴት ክር እየጠቀለሉና እየቋጠሩ ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ ግዙፍ ቅርጾችን ይሠራሉ፤ በወረቀት ላይም እንደ አዙሪት የሚሽከረከሩ መስመሮችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ይሥላሉ። በሽልማቱ ታሪክ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ብዙዎቻችን ዜናውን እንደ ተአምር ሰማነው። በምዕራብ ሜልበርን፣ በሴንት አልባንስና በአካባቢው፣ ኦቲዝም ያለው ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ነገሩ ወደ አንድ ጥያቄ ይወስዳቸዋል፦ ቀኑን ሙሉ ሲሥል የሚውለው ልጃችን ከዚህ የሚደርስበት መንገድ አለ ወይ? መንገዱ አለ። ግን ተአምር የሚባል ነገር የለበትም፤ ገንዘብና ሕግ እንዲሁም ብዙ ዓመት ይፈልጋል። አውስትራሊያ ለአካል ጉዳት ከምታወጣው ገንዘብ አብዛኛው ደግሞ ይህን መንገድ ለመክፈት ታስቦ የተዘጋጀ አይደለም።

ከሽልማቱ ጀርባ ያለው ስቱዲዮ

ኔና ካሉ አክሽንስፔስ ከተባለው የለንደን ድርጅት ጋር መሥራት የጀመሩት በ1999 ነው። ተርነር ሲሸለሙ ከሩብ ምእት ዓመት በላይ በአንድ ድርጅት ድጋፍ ሠርተዋል ማለት ነው። ድርጅቱ ቦታ ሰጣቸው፤ ፍላጎታቸውንና ድካማቸውን ከእጃቸው እንቅስቃሴ ማንበብ የሚችል ባለሙያ መደበላቸው፤ ሥራው እየገዘፈ ሲሄድ የሚሰቀልበትን ቦታ ፈለገላቸው። አርካዲያ ሚሳ የተባለው የለንደን የንግድ ጋለሪ ሥራቸውን ይዞ ለገዢ ማቅረብ የጀመረው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተማሪ ከመምህሩ አጠገብ ለዓመታት ቀለም እየበጠበጠ እንደሚያድግ ሁሉ፣ እዚህም ሥራውን ያበሰለው ያልተቋረጠ አብሮነት ነው።

እንዲህ ያለ ስቱዲዮ የሚሰጠው አገልግሎት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የድጋፍ ሥራ ነው፦ ሰውየውን መቀበል፣ ማረጋጋት፣ ቁሳቁስ ማቅረብ፣ ምግብና መድኃኒቱን መከታተል። ሁለተኛው የሥነ ጥበብ ሥራ ነው፦ ሥዕሉን ፎቶ ማንሳት፣ መመዝገብና በአግባቡ ማስቀመጥ፣ ማስቀረጽ፣ ዋጋ ማውጣት፣ ለሙዚየም ማሳየት፣ ውል መዋዋል። ሁለተኛው ሲጎድል ሠዓሊው ባለሙያ አይሆንም፤ መሳቢያ ሙሉ ሥዕል ያለው ሰው ሆኖ ይቀራል።

በካሊፎርኒያ ኦክላንድ በ1974 ኤሊያስና ፍሎረንስ ካትዝ የተባሉ ባልና ሚስት የመሠረቱት ክሪኤቲቭ ግሮውዝ ለዚህ አሠራር አርአያ ሆኗል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሳን ፍራንሲስኮ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከዚህና በአካባቢው ካሉ ሁለት ተመሳሳይ ስቱዲዮዎች ከ100 በላይ ሥራዎችን ገዝቶ ወደ ስብስቡ አስገብቷል። ሃምሳ ዓመት የሚለውን አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ ኋላ ስለ በጀት ስናወራ ይፈለጋል።

የሜልበርን ውርስ

ሜልበርን በዚህ ረገድ ድሃ ከተማ አይደለችም። በዚያው በ1974 ማይራ ሂልገንዶርፍ የተባሉ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ እናት፣ አርትስ ፕሮጀክት አውስትራሊያን መሠረቱ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፦ እነዚህ ሰዎች የሠሩት ሥዕል እንደ ማንኛውም ሠዓሊ ሥራ በወግ ተቀርጾ በጋለሪ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ድርጅቱ ዛሬ በኖርዝኮት ስቱዲዮ፣ በኮሊንግውድ ያርድስ ደግሞ ጋለሪ አለው፤ በስቱዲዮው የሚያግዙት ሠራተኞች ራሳቸው ሠዓሊዎች ናቸው። በሕግ ዓይነ ስውር ተብለው የሚመደቡት አለን ኮንስተብል ካሜራዎችን በሸክላ እየሠሩ ስም ያወጡት፣ ጁሊያን ማርቲንም በፓስቴል ሥዕሎቻቸው የታወቁት እዚህ ነው።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጂሎንግ ውስጥ ባክ ቱ ባክ ቲያትር አለ። በ1987 የተቋቋመው ይህ ቡድን ተዋንያኑ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወይም ኦቲዝም ያላቸው ናቸው፤ በ2022 ዓለም አቀፉን የኢብሰን ሽልማት፣ በ2024 ደግሞ በቬኒስ ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራ የሚሰጠውን የወርቅ አንበሳ ወስዷል። ለእኛ ጉዳይ ከሽልማቱ የሚበልጠው አወቃቀሩ ነው። ባክ ቱ ባክ ከመንግሥት የሥነ ጥበብ በጀት የሚደጎም የቲያትር ኩባንያ ሲሆን ተዋንያኑም ደመወዝተኞች ናቸው። ገንዘቡ የሚመጣው ለሚሠሩት ቲያትር ነው። የሥዕል ስቱዲዮዎቹ ግን ከገቢያቸው ትልቁን ድርሻ የሚያገኙት ከሌላ ሣጥን ነው።

ኤንዲአይኤስ የሚገዛው ምንድን ነው?

ብሔራዊው የአካል ጉዳት መድን፣ ሁላችንም ኤንዲአይኤስ የምንለው፣ መነሻው የምርታማነት ኮሚሽን በ2011 ያወጣው ሪፖርት ነው። ሕጉ በ2013 ጸደቀ፤ በቪክቶሪያ ሙከራው የተጀመረው በጂሎንግና አካባቢው ሲሆን መርሐ ግብሩን የሚያስተዳድረው ኤጀንሲ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። የባክ ቱ ባክ ከተማ መሆኗ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ሁለቱ ቤቶች ስለ ሥነ ጥበብ የሚያስቡት ግን አንድ አይመስልም።

ቀድሞ መንግሥት ለድርጅቱ በጅምላ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ገንዘቡ የሚከተለው ሰውየውን ነው። ይህ ትልቅ ነጻነት አመጣ፤ አንድ ቤተሰብ አገልግሎቱ ካልተስማማው ልጁን ይዞ ሌላ ቦታ መሄድ ይችላል። ከስቱዲዮው በኩል ሲታይ ግን ኪራዩን፣ የሸክላ ምድጃውን፣ የመዝገብ ክፍሉንና የጋለሪ ኃላፊውን ደመወዝ በሙሉ በሰዓት ከሚሸጥ ድጋፍ ማውጣት አለበት። በ2024–25 የዋጋ ዝርዝር በሥራ ቀን በቀን ክፍለ ጊዜ ለማኅበረሰብ ተሳትፎ ድጋፍ የተቀመጠው ጣሪያ በሰዓት 67.56 ዶላር ነበር። አንድ ደጋፊ ሦስት ሰው ይዞ ከሠራ ያው ገንዘብ ለሦስት ይከፋፈላል። ይህ ሒሳብ የደጋፊውን ደመወዝ ይሸፍናል። ሥዕሉ ተቀርጾ፣ ተመዝግቦና ተጓጉዞ ገዢ ዘንድ እስኪደርስ ያለውን ሥራ የሚሸፍን ሰዓት ግን በዝርዝሩ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

በኖቬምበር 2024 የተነሣው ውዝግብ ነገሩን ይበልጥ አደበላለቀው። ኤጀንሲው የሥዕልና የሙዚቃ ሕክምናን ከቴራፒ መደብ አውጥቶ ጣሪያውን ከ193.99 ወደ 67.56 ዶላር እንደሚያወርድ አስታወቀ። ባለሙያዎችና ቤተሰቦች ተቃወሙ፤ ፕሮፌሰር ስቲቨን ደኬት ማስረጃውን እንዲገመግሙ ተሾሙ፤ በመጨረሻም ዋጋው ከቀድሞው ዝቅ፣ መጀመሪያ ከታሰበው ግን ከፍ ብሎ ጸና። በማኅበረሰባችንም ብዙ ሰው የሥዕል ገንዘብ ተቋረጠ ብሎ የተረዳው ይህን ነው። ልዩነቱ መታወቅ አለበት፦ ክርክሩ ስለ ሕክምና ነበር። ሕክምና የሚመዘነው በታካሚው ጤና ሲሆን ሥዕሉ ራሱ ጥሩ ይሁን አይሁን አይጠየቅም። ሠዓሊ መሆን የሚፈልግ የሃያ ዓመት ወጣት ታካሚ አይደለም፤ ጊዜ እንዲያልፍለት ወደ ማዕከል የሚሄድ ሰውም አይደለም። የኤንዲአይኤስ ዕቅዱ (ፕላኑ) ግን ከሁለቱ በአንዱ ሥር ይመድበዋል።

ሦስተኛ በር አለ፤ ብዙ ቤተሰብ አያንኳኳውም። በፕላኑ አቅም ማጎልበቻ ክፍል ሥራ ለማግኘትና በሥራ ለመቆየት የሚሰጥ ድጋፍ፣ ትምህርት ለሚጨርሱ ወጣቶችም ወደ ሥራ መሸጋገሪያ የሚሆን ድጋፍ አለ። ፎርሙ ሲነደፍ የታሰበው ሱፐርማርኬት፣ መጋዘንና ቢሮ እንደሆነ ያስታውቃል። ቢሆንም ሥነ ጥበብን እንደ ግል ሥራ አይከለክልም፤ ጥያቄው በሥራ ቋንቋ ተጽፎ በማስረጃ ተደግፎ መቅረብ አለበት። ዋስትና የለውም፤ ሳይጠየቅ ግን በራሱ አይመጣም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የቁጠባው ግፊት አለ። መርሐ ግብሩ ከ700 ሺህ በላይ ተጠቃሚ ይዟል፤ በዓመት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይወስዳል፤ ከተጠቃሚዎቹም ትልቁ ቡድን ኦቲዝም ያላቸው ናቸው። የፌዴራልና የክልል መሪዎች በ2023 የወጪውን ዓመታዊ እድገት ወደ 8 በመቶ ለማውረድ ተስማሙ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሚሸፈነውና የማይሸፈነው በዝርዝር ተለይቷል፤ ማንኛውም ሰው ከኪሱ የሚያወጣው የዕለት ወጪ አይሸፈንም። በኦገስት 2025 ደግሞ መለስተኛና መካከለኛ ድጋፍ የሚሹ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ትራይቪንግ ኪድስ ወደሚባል ሌላ ፕሮግራም እንደሚዛወሩ ተነገረ። ይህ የዛሬዎቹን ወጣት ሠዓሊዎች በቀጥታ አይነካም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

ሽያጩ፣ ጡረታውና ፊርማው

ሥዕል እንጀራ አይሆንም የሚል ወላጅ አውስትራሊያ ውስጥ ብዙም አልተሳሳተም። ዴቪድ ትሮስቢና ካትያ ፔተትስካያ በ2024 ባወጡት ጥናት፣ የአገሪቱ ባለሙያ ከያንያን ከፈጠራ ሥራቸው በአማካይ በዓመት 23,200 ዶላር ብቻ ያገኛሉ፤ የቀረውን የሚሞሉት በማስተማርና በሌላ ሥራ ነው። እንግዲህ አካል ጉዳት የሌለበትም ሠዓሊ በሥዕሉ ብቻ ካልኖረ፣ የኦቲዝም ስቱዲዮን ኑሮውን አልቻለም ብሎ መክሰስ ሚዛን የጎደለው ፍርድ ነው። ተገቢው መለኪያ ሥራው በትክክለኛ ዋጋ ተሸጧል ወይ፣ ገንዘቡስ ለሠዓሊው ደርሷል ወይ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የሴንተርሊንክ (የመንግሥት ድጎማ ከፋዩ መሥሪያ ቤት) ፍርሃት ይገባል። ሥዕሉ ከተሸጠ የአካል ጉዳት ጡረታው፣ ዲኤስፒ፣ ይቆረጣል በሚል ሥጋት ሽያጭ የሚከለክሉ ቤተሰቦች አሉ። ሒሳቡ ግን የሚለው ሌላ ነው። በ2025–26 ነጠላ ሰው በሁለት ሳምንት 218 ዶላር ገደማ እስኪያገኝ ክፍያው አይነካም፤ ከዚያ በላይ ለሚያገኘው ለእያንዳንዱ ዶላር 50 ሳንቲም ይቀነሳል። ሠዓሊው በሁለት ሳምንት 418 ዶላር ቢያገኝ፣ ከዲኤስፒው 100 ዶላር ይቀነሳል፤ በእጁ 318 ዶላር ጭማሪ ይቀራል። ሠርቶ የሚከስርበት አሠራር አይደለም። ገቢው ጨምሮ ክፍያው ቢቆም እንኳ እስከ 2 ዓመት ድረስ ያለ አዲስ ማመልከቻ የመመለስ ዕድል አለ። አስቸጋሪው፣ የሥዕል ገቢ ስድስት ወር ምንም ሳይሆን ቆይቶ በአንድ ኤግዚቢሽን በአንዴ መምጣቱ ነው፤ ስለዚህ ገቢው እንዴትና መቼ እንደሚገለጽ ከሽያጩ በፊት ተጠይቆ መታወቅ አለበት።

ፊርማውስ የማን ነው? በቪክቶሪያ ከማርች 2020 ጀምሮ የሚሠራው የአሳዳጊነትና የአስተዳደር ሕግ መነሻው ሰው ሁሉ ለራሱ መወሰን ይችላል የሚል ነው፤ ድጋፍ ያስፈለገው ሰው ውሳኔው ሳይነጠቅ እንዲደገፍ ይደነግጋል። ወላጅ የአዋቂ ልጁን ሥዕል በራሱ ስም መሸጥ አይችልም። የቅጂ መብቱም ሥዕሉ ከተሸጠ በኋላ በጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር ከሠዓሊው ጋር ይቆያል፤ ሥራው በ1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ በነጋዴ እጅ ዳግም ከተሸጠ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ 5 በመቶ ለሠዓሊው ሊመለስ ይገባል። ይህን መብት ተከታትሎ የሚያስከብር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ በሰዓት የማይከፈልበት የስቱዲዮው ሁለተኛ ሥራ አካል ነው።

በዕርዳታና በሥራ መካከል ያለው ድንበርም ግልጽ መሆን ይፈልጋል። ከኔና ካሉ ድል በኋላ የሠዓሊዋ እጅ የት አብቅቶ የደጋፊዋ እጅ የት ይጀምራል የሚሉ ነበሩ። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ለሌሎች ሠዓሊዎች አለመነሣቱ ግን ያስገርማል። ታዋቂ ቀራፂዎች ብረት የሚበይዱላቸው ብዙ ረዳቶች አሏቸው፤ ስማቸውን የሚጠይቅ የለም። ደኅና ስቱዲዮ ረዳቱ ቁሳቁስ ያዘጋጃል፣ አማራጭ ያቀርባል እንጂ ሥዕሉን አይነካም የሚል የተጻፈ ደንብ አለው። ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት ይህን ደንብ ቢጠይቅ መልሱ ስለ ቤቱ ብዙ ይነግረዋል።

ከሴንት አልባንስ ሲታይ

ሴንት አልባንስ ከመሀል ሜልበርን ወደ ሰሜን ምዕራብ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በብሪምባንክ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ያለች የስደተኞች ሰፈር ናት። ለአእምሮ እድገት ውስንነት ተማሪዎች የተቋቋመው ጃክሰን ትምህርት ቤት እዚሁ ነው። ከትምህርት ቤት በኋላ ግን ነገሩ ይቀጥናል። ኖርዝኮት ከከተማው ማዶ ነው፤ ባቡር ቀይሮ መሄድ ይጠይቃል፤ ድምፅና ግርግር ለሚያውከው ወጣት ባቡር መቀየሩ ራሱ የቀኑን ጉልበት ይጨርሳል። በአንጻሩ ፉትስክሬይ ሴንት አልባንስ በምትገኝበት በሰንበሪ የባቡር መስመር ላይ ነው። በ1974 የተመሠረተው የፉትስክሬይ የማኅበረሰብ ሥነ ጥበብ ማዕከል በማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር ይገኛል፤ አርትላይፍ የተባለ አካል ጉዳት ላለባቸው ሠዓሊዎች የተዘጋጀ የስቱዲዮ ፕሮግራምም አለው። ለሴንት አልባንስ ቤተሰብ የቅርቡ በር ይህ ነው። በሴንት አልባንስ ራሷ የማኅበረሰብ ማዕከሉና በውስጡ ያለው ባወሪ ቲያትር ለትዕይንት የሚሆን ቦታ አላቸው፤ የጎደለው በየሳምንቱ የማይቋረጥ የሠዓሊዎች ስቱዲዮ ነው።

የቪዛው ጉዳይ ደግሞ ከርቀቱ ይብሳል። ኤንዲአይኤስ ለዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ነው፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ልጅ አያገኝም። ዲኤስፒ የ10 ዓመት ነዋሪነት ይጠይቃል፤ በስደተኝነት የገቡ ከዚህ ነጻ ናቸው፤ በጋብቻ ወይም በሙያ ቪዛ የመጣ ቤተሰብ ግን ይጠብቃል። ወደ አውስትራሊያ ከመግባት በፊትም ቢሆን አንድ አመልካች ለጤናና ለማኅበራዊ አገልግሎት ያስወጣል ተብሎ የሚገመተው ከ86,000 ዶላር ካለፈ ብዙ ዓይነት ቪዛ ሊከለከል ይችላል፤ ጣሪያው ከጁላይ 2024 በፊት ከዚህም በታች ነበር። በዚህ ምክንያት ልጃቸውን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ትተው የመጡ ቤተሰቦች ነገሩን በዝምታ ይይዙታል።

ዝምታው ግን ከዚህ በፊትም ነበር። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የኦቲዝም ማዕከል፣ ጆይን፣ በ2002 የከፈቱት ዘሚ የኑስ ናቸው፤ እሳቸውም የገዛ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለው ነው ወደዚህ የገቡት። እስከ ሞቱበት እስከ 2021 ድረስ በየመድረኩ ሲናገሩ የኖሩት ልጆቹ ከጓዳ እንዲወጡ ነው። ከ2002 በፊት አገር የለቀቀ ወላጅ ስለ ኦቲዝም የሚጠይቀው ቤት አላየም፤ ጸበልና ጸሎት ነበረው፣ እነሱም ዛሬ አብረውት አሉ። እንዲህ ያለ ወላጅ የኤንዲአይኤስ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የልጅዎ የሕይወት ግብ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰላም እንዲያገኝ ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። ፕላኑ የሚሠራው ግን ከዚያች መልስ ነው፤ ሰላም የሚለው ግብ ወደ ቀን መዋያ ማዕከል ይወስዳል።

ወዴት ያመራል?

ይበልጥ የሚሆን የሚመስለው አሁን ያለው መጥበብ መቀጠሉ ነው። ኤጀንሲው በ2025 ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች አይካን የተባለ የድጋፍ ፍላጎት መመዘኛ መርጧል። መመዘኛው ሰውየው ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው ይለካል፤ በእርዳታው ምን ሊሠራ እንደሚችል መለካት ዓላማው አይደለም። በዚህ አያያዝ ስም ያላቸው ስቱዲዮዎች በለጋሾችና በሽያጭ እየተደገፉ ይቆያሉ፤ በምዕራቡ ሰፈር አዲስ መክፈት ግን የሚያዋጣ አይሆንም። ተሰጥኦ በፖስታ ኮድ ይወሰናል ማለት ነው።

ሁለተኛው አማራጭ የሥነ ጥበብ በጀት የስቱዲዮውን ሁለተኛ ሥራ እንዲሸከም ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በጃንዋሪ 2023 ሪቫይቭ የተባለውን የባህል ፖሊሲ፣ በዲሴምበር 2024 ደግሞ ከሱ ጋር የተያያዘውን የሥነ ጥበብና የአካል ጉዳት ዕቅድ አውጥቷል። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ ሰነዱ ራሱ ግን ደመወዝ አይከፍልም። ቀደም ብዬ ያዝ አድርጉልኝ ያልኩት ሃምሳ ዓመት እዚህ ይመጣል፦ ሠዓሊ የሚበስልበት ዘመን ከማንኛውም የእርዳታ ዙር ይረዝማል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ድጎማ የሚጀመር ፕሮግራም ሠዓሊው እጁን ሲፈታ ይዘጋል። ድጎማው ረጅም ካልሆነ ባይጀመር የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ለውጥ የሚከብደው ሰው ለምዶት የነበረ ቦታ ሲዘጋበት የሚደርስበትን ጉዳት ቤተሰብ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ትንሹ ነው፤ በእኔ ግምት በቅርብ ሊሳካ የሚችለውም እሱ ነው። ሕንፃ አይጠይቅም። በፉትስክሬይ ወይም በኖርዝኮት ያለ ልምድ ያለው ድርጅት በሴንት አልባንስ በሳምንት አንድ ቀን ክፍል እንዲከፍት፣ ብሪምባንክ ቦታውን በነጻ ወይም በአነስተኛ ኪራይ እንዲሰጥ፣ የድጋፍ ሰዓቱ ከየሰዉ ፕላን እንዲከፈል ማድረግ ነው። ለዚህ ብዙ ቤተሰብ አያስፈልግም፤ ግን አብረው ቆመው የሚጠይቁ ያስፈልጋሉ። የኢትዮጵያ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም፣ ስብሰባቸው ላይ የአካል ጉዳት ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወደ ገንዘብ ማሰባሰብ ይሄዳሉ። ለምክር ቤት የሚጻፍ አንድ የጋራ ደብዳቤ ወጪ የለውም፤ የቬትናም ማኅበረሰብ በዚሁ አካባቢ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጋራ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል።

የፕላን ግምገማ ቀጠሮ ያለው ቤተሰብ እስከዚያ መጠበቅ የለበትም። የልጁን ሥራዎች ቀን እየጻፈ ከአሁኑ ይመዝግብ፤ የታዩበትን ትዕይንትና የተሸጡበትን ደረሰኝ ያስቀምጥ፤ በግብ መሙያው ቦታ ላይ ሠዓሊ ሆኖ መሥራት ብሎ ያስጽፍ፤ ልጁ ራሱ በቃል፣ በምልክት ወይም በሥዕሉ የሚናገርበትን ጊዜ ይጠይቅ። አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ነው፤ የብሔራዊው የትርጉም አገልግሎት ስልክ 131 450 ነው።